ሦስተኛው ጥሪ ወደ ድሬዳዋ

ኢክላስ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር የስልክ ቤት ከከፈተች ወዲህ አንድም ቀን ጥፋተኛ ሆና አታውቅም። መስመር ሲቆራረጥ ጥፋቱ የባሕሩ ነው፤ ድምፅ ሲያስተጋባ የደዋዩ ጆሮ ነው፤ ጭራሽ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ማዶ ያለው ስልክ አርጅቷል። ይህን ሁሉ የምትናገረው አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ ስለሆነ ደንበኞቿ አምነዋት፣ አንዳንዴም ይቅርታ ጠይቀዋት ይሄዳሉ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሦስት ቁም ሳጥን የሚያካክሉ የመደወያ ክፍሎች፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ከመደርደሪያው በላይ ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ጥሪውን በኢንተርኔት የሚያሳልፍ ሩተር። ሩተሩን ከቡላኦስ ሰፈር ያገለገለ ገዝታ ራሷ ናት ያስተካከለችው። ማስተካከያው የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ግራ የገባት ቦታ ሁሉ ላይ "አዎ" የሚለውን እየተጫነች ጨረሰችው። "የኢንተርኔት ስልክን ያግዛል" የሚል አንድ ምርጫ ነበር፤ እሱንማ ሁለት ጊዜ አረጋግጣ ነው የከፈተችው። እገዛ ማን ይጠላል?

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 2009 ነው። አንድ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያቺ ጠባብ ቤት በሰው ጢም አለች። የተሰበሰቡት ለኒካህ ነው። ሙሽራው ከሊፋ ወደብ ላይ የጭነት ወረቀት የሚያስጨርስ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሙሽሪት ዓዚዛ ድሬዳዋ፣ አባቷ ቤት ናት። ከሊፋ መርከብ ስለገባበት ፈቃድ ተከልክሏል። የዓዚዛ አባት ሐጂ ኢብሮ እግራቸውን ስለሚያማቸው መንገድ አይችሉም። እንግዲያው ኒካሁ በስልክ ይታሰር፣ ድግሱ ይደርሳል ተባለ። ሐጂ ልጃቸውን ይሰጣሉ፣ ከሊፋ "ቀቢልቱ" ብሎ መቀበሉን ይናገራል፣ ሼኹና ሁለቱ ምስክሮች የሁለቱንም ድምፅ በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ፤ አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ከዛሬ በፊት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ከሸፈ። ከሊፋ ይደውላል፣ ይጠራል፣ ይነሳል፤ ከዚያ ጸጥ። "ሄሎ! ሄሎ!" ብሎ ሲደክመው ይዘጋዋል። ኢክላስም እንደ ልማዷ "የሐጂ ስልክ አርጅቷል" አለች። ድሬዳዋ ግን ወሬው ሌላ ነበር። ሐጂ "ልጄን ልሰጠው አፌን ስከፍት ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ" ብለው ቱግ አሉ። ከፊራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሌላ ጠያቂም ደጃቸውን ይጠና ነበርና፣ ትናንት ከዓዚዛ መልእክት መጣ፦ አባቴ ነገ የመጨረሻ ነው ብሏል፤ ደግሞ ከተዘጋበት ለባለሱቁ እሺ ሊል ነው።

በዚህ ላይ የጫቱ ጣጣ አለ። ሰባት ሰዓት ላይ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ከተማ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ወንድ ምስክር ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የዛሬዎቹ ሁለት ምስክሮች፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚያራግፉ ጎረምሶች፣ ገና ከአሁኑ ዓይናቸው ከበሩ አልነቀል ብሏል።

የከሊፋ የልብ ጓደኛ ሙላውም አለ። ሙላው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የጎጃም ክርስቲያን ስለሆነ ለኒካህ ምስክርነት አይሆንም፤ ግን እሱ ያልተገኘበት ደስታ ደስታ አይመስለውም። የሙሽራውን ሽቶ ከሙሽራው አብልጦ አርከፍክፎ፣ የቤቱን አየር ሁሉ ለብቻው ይዞታል።

"ቢስሚላህ" አለች ኢክላስና ቁጥሩን መታች። ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። ጠራ፤ ተነሳ። በስልኩ መስኮት ላይ ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ። ከማጉያው ግን ትንፋሽ እንኳ አልወጣም።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ!" አለ ከሊፋ።

ጸጥ።

"ሄሎ? ሐጂ? ይሰማዎታል?"

"ያው ነው፤ መስመሩ ሞቷል" አለች ኢክላስ ትከሻዋን ነቅንቃ። "እኔ ምን ላድርግ? ያንን ስልካቸውን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የቀየሩት አይመስለኝም።"

"እንዴት ብለው ይቀይሩት!" ሙላው ዘሎ ገባበት። "ሰውዬው ስስታም ናቸው እኮ! ባለፈው ዕቃ ባደርስላቸው፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃ ስጡኝ አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ጅቡቲ ጠጥተህ አልመጣህም?'"

ምስክሮቹ ሳቁ። ሼኹ እንዳይስቁ ጢማቸውን ያዙ።

"ሙላው፣ አማቴ ናቸው" አለ ከሊፋ።

"ገና አልሆኑም! ስማኝ ወንድሜ፣ ለእኚህ ሰውዬ ብለህ አራት ወር ሙሉ ጫት ተውክ። ሰባት ሰዓት በደረሰ ቁጥር እርጥብ ፎጣ አናትህ ላይ ጥለህ ግድግዳ ታያለህ። ጨዋታህ ጠፋ፤ መከራ ሆንክብን። በቃ! መስመሩም ሞቷል፤ ዛሬ ከኛ ጋ ተቀመጥና ቃም። ከድሬዳዋ ሆነው ጉንጭህን አያዩም!"

ከሊፋ ፊቱን ከሙላው አዞረ። "አቦ ተወኝ። እሳቸውማ አያዩም። ዓዚዛ ግን ማታ ማታ 'ዛሬስ ቃምክ?' ብላ በመልእክት ትጠይቀኛለች። እሷን መዋሸት አልችልበትም። አንድ ቀን ሞክሬ ጣቴ እምቢ አለኝ። ደግሞ ሐጂ ልክ ናቸው። እኔም እንደሷ ያለች ልጅ ብትኖረኝ ሁለት ጊዜ ለዘጋብኝ ሰው አልሰጥም።" ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። "ለሱቁ ባለቤት ይስጧት፤ እሱ ቢያንስ በእግሩ ሄዶ ማናገር ይችላል።"

ይህን ብሎ ሊዘጋው እጁን ሲሰድ የኢክላስ ሞባይል ጮኸ።

"እንዳትዘጉ!" አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ፤ ዓዚዛ ናት። "በአላህ እንዳትዘጉ! አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ሁሉንም እየሰማ ነው! ውሃውንም፣ ስስታሙንም፣ ፎጣውንም! እና አሁን አባቴ—"

ካርዷ አለቀ።

ኢክላስ የሰማችውን ነገረቻቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ስልኩን አየ። ሰባት ደቂቃ ከአስራ ሁለት ሰከንድ፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ሙላው በሁለት እጁ አፉን ከደነ፤ አሁን ቢከድነው ምን ይረባል! ከዚያ ከምስክሮቹ አንዱ ፕፍ አለ፣ ሌላው ተከተለው፣ ሼኹም ጢማቸውን ለቀው ሆዳቸውን ያዙ። ከሊፋ ብቻ የግድግዳው ቀለም መስሎ ቀረ። "አሁን አባቴ" ምን? ተቆጣ? ለባለሱቁ እሺ አለ?

መልሶ እንዳይደወልላት የማንም ሞባይል አይሆንም። የኢክላስ ሂሳብ የለውም፤ የስልክ ቤት ባለቤት ለሞባይል ካርድ አታባክንም። የከሊፋ ሂሳብ ትናንት ማታ መልእክት ሲልክ አልቋል፤ የሙላው ድንበር ከተሻገረ ሰዓት ከማየት በቀር ሥራ የለውም። ካርድ ሻጮቹ ደግሞ ለቀትር ሱቃቸውን ዘግተው ተኝተዋል።

ኢክላስ ግን አልሳቀችም። ሐጂ ይሰሙናል፤ እኛ አንሰማቸውም። ድምፃችን ይወጣል፤ የሳቸው አይገባም። እንደዚያ ከሆነ የሐጂ ስልክ ምን አጠፋ? ቀስ ብላ ቀና ስትል ከመደርደሪያው በላይ ሩተሯ ብልጭ ድርግም ይላል። ፊቷ ጋለ።

ሩተር ማለት ለመላው ቤት አንድ የውጭ አድራሻ ይዞ፣ በውስጥ ላለው ዕቃ ሁሉ ቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ቁጥር የሚያድል በረኛ ነው። በዚህ ከተማ ፖስታ ለማግኘት የሳጥን ቁጥር መስጠት ግድ ነው፤ የኢክላስ ስልክ ግን ለማዶው "መልሱን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ላክልኝ" እያለ ኖሯል። የሐጂ ድምፅም አረንጓዴውን በር ፍለጋ ወጥቶ እዚያው ባክኖ ይቀራል። ያ "ያግዛል" ብላ የከፈተችው ምርጫ ደግሞ አድራሻውን ላስተካክል እያለ ይብሱን ያጠፋዋል። ሁለት ጊዜ የተዘጋባቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ ያፈረ ሙሽራ፣ ሁሉም ከሷ ጣት የመጣ ነው።

ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠች። እገዛውን አጠፋች። ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የሚገባባቸውን፣ በቁጥር የሚጠሩትን በሮች ለስልኩ ክፍት አደረገች። "አስቀምጥ" ስትለው ሩተሩ ጠፍቶ መነሳት እንዳለበት ነገራት። ሩተሩ ከጠፋ ደግሞ ጥሪው ይቋረጣል። ሦስተኛ መዝጋት!

ተነስታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። በሕይወቷ ብላው የማታውቀውን ልትናገር ነው፤ ያውም መልስ ለማይሰጥ ዕቃ።

"ሐጂ፣ ኢክላስ ነኝ፣ የስልክ ቤቷ። እርስዎ ይሰሙኛል፣ እኔ አልሰማዎትም። ከሊፋ አልዘጋብዎትም። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር። ማሽኑን ሳላውቀው አወቅኩ ብዬ ነው። ስልክዎም አላረጀም፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን አጥፍቼ ላበራው ነው፤ መስመሩ ይቋረጣል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ። ከተቆጡም ተቆጥተው ይጠብቁኝ።"

ጸጥ። ሰከንዱ ይቆጥራል። እሺ ይበሉ፣ ይስደቧት፣ በምን ታውቃለች? ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። ስልኩ ጠፋ።

በዚሁ ቅጽበት ከወደ አደባባዩ የመጀመሪያው ጥሩምባ ተሰማ። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ! ምስክሮቹ እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ሙላው ግን ዘሎ በሩ ላይ ተገተረ፤ ትከሻው ከመቃን መቃን ደረሰ።

"ማንም አይወጣም! እኔ አፌ ያጠፋውን በጀርባዬ እክሳለሁ። ተቀመጡ!"

"ሙላው፣ ጥሩው ቶሎ ያልቃል እኮ" አለ አንዱ ምስክር ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

"ይለቅ! እኔ ራሴ እገዛላችኋለሁ። ተቀመጥ አልኩ!"

የሩተሩ መብራት ቀይ ሆነ፣ ብርቱካን ሆነ፤ እዚያው ቆመ። ኢክላስ በዓረብኛ ለመነችው፣ በሶማልኛ ሰደበችው፣ በመጨረሻ በፈረንሳይኛ "ሲልቩፕሌ"፣ እባክህ፣ አለችው። አረንጓዴ! አዲስ የውጭ አድራሻ ይዞ ነበር የተነሳው፤ እሱን እያየች ስልኩ ውስጥ መዘገበችና ቁጥሩን መታች። ጠራ። ጠራ። ጠራ። ከሊፋ የሼኹን እጅ ጨብጦ ጣታቸውን ሊሰብረው ደረሰ።

ተነሳ።

"ተሰማ?" አለ ድምፅ ማጉያው።

ቤቱ በአንድ ጩኸት ፈነዳ። የሐጂ ኢብሮ ድምፅ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ልክ መደርደሪያው ላይ የተቀመጡ ያህል ቅርብ ነበር።

"እሺ፣ እሺ፣ ጆሮዬን! ያ ውሃ የከለከልኩት ልጅ አለ?"

ሙላው በሩ ላይ እንደተገተረ አነሰ። "አለሁ ሐጂ" አለ፤ ከዚያ ሁሉ ሰውነት የወጣችው ድምፅ የጫጩት ነበረች።

"ለድግሱ ና። በርሜል ሙሉ አስቀምጥልሃለሁ። ሳትጨርሰው ከግቢዬ አትወጣም።" ከዚያ ሙሽራውን ጠሩ። "ከሊፋ፣ ልጄ፣ ስለ ጫቱ ስንት ሰው ጠየቅኩ መሰለህ። ሁሉም 'ትቷል' አሉኝ፤ አንዳቸውንም አላመንኩም፤ አንተ ያስጠናሃቸው መስሎኝ። ዛሬ ግን እየሰማሁህ መሆኔን ሳታውቅ አንተው ነገርከኝ። እኔም 'በል ልጄ፣ በቃ፣ አምኛለሁ' እያልኩ ስጮህ ነበር፤ አንተ ግን ለባለሱቁ ስጧት ትለኛለህ! ሼኹ አሉ?"

"አለሁ፤ ምስክሮቹም አሉ" አሉ ሼኹ፣ እያንዳንዱን ምስክር በዓይናቸው እየቸነከሩ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ደንቡ፣ ቃል በቃል፣ ልጃቸውን ዓዚዛን ለከሊፋ ዳሩ። ሁሉም ሰማ። አሁን የቀረችው የከሊፋ አንዲት ቃል ናት።

ጸጥ።

አምስት ሰከንድ። አስር። ከማጉያው የሐጂ ትንፋሽ ይሰማል።

"ኢክላስ! ደግሞ ተበላሸ?" አሉ ሐጂ።

ኢክላስ ደንግጣ ቀና አለች፤ ሩተሩ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ከሊፋን አየችው። አፉ ተከፍቷል፣ እንባው ባዲሱ ሸሚዙ ላይ ይንዠቀዠቃል።

"ማሽኑ ደህና ነው ሐጂ" አለች፤ እሷም እየሳቀች እያለቀሰች ነበር። "የተበላሸው ሙሽራው ነው።"

ሙላው ከበሩ ተወርውሮ መጥቶ የጓደኛውን ጀርባ በመዳፉ ሲያጮለው ቃሏ ወጣች። "ቀቢልቱ!" አለ ከሊፋ፤ አንድ ጊዜ አይበቃውም፣ "ቀቢልቱ! ቀቢልቱ!" እያለ ደጋገመው። ድሬዳዋ እልልታው ቀለጠ፤ ከሁሉም በላይ የዓዚዛ ነበር። ኢክላስ በከፈተችው በር ጥርት ብሎ ገባ። ያ ሊወጣ ሲቁነጠነጥ የነበረው ምስክር እንኳ ጥሩምባውን ረስቶ "እልል በይ፣ ድገሚው!" ይል ጀመር።

ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ተባለ። ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ፤ ግን ስልኩን ሊዘጋ የደፈረ የለም። ሰከንዱ ይቆጥራል፤ ከሁለቱም ወገን ሳቅ ብቻ ይሰማል።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ሐጂ በመጨረሻ። "በል ዝጋ፣ ልጄ። ዛሬ ብትዘጋብኝ አልቀየምም።"