ዲዲአር ፋይቭ እና ወገቤ

ኮምፒውተራችን ቀጥ ባለ ቁጥር ባሌ እጁን አገጩ ላይ ጭኖ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ይቀመጣል። ሥራችን የሠርግ ቪዲዮ ነው። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ በመጨረሻ እሱ ቀለሙን ያሳምራል። ክፍላችንን ከመኝታችን የሚለየው መጋረጃ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ወንበሩም አንድ።

ወንበሩን ካነሣሁ አይቀር፣ መደገፊያው ተሰብሮ በገመድ የታሰረ ፕላስቲክ ነው። ባሌ አረፍ ብሎበት ይነሣል፤ እኔ ግን የሰው ሙሽራ ስቆርጥና ስቀጥል እውልበታለሁ። ሰሞኑን ጠረጴዛውን ካልያዝኩ መነሣት አቃተኝ። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠልሽ ሥራውን መተውሽ ነው» አለኝ። ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ። ለባሌ ስነግረው ትራስ አመጣልኝ። ትራስ!

ያጠራቀምናት ገንዘብ ስትሞላ ግን ትራስ ትዝ አላለውም።

«ዲዲአር ፋይቭ!» አለ። አዲሱ ሜሞሪ ነው። «እሱ ከገባለት ይበራል እኮ!»

«ወንበርስ?»

«ወንበር ምን ያፈጥናል?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ትዳር ነውና ዋጥኩት። እሱ ቀረጻ ስላለው ኮምፒውተሩንም ገንዘቡንም ለእኔ ሰጥቶ ወደ ጠጋኙ ላከኝ። ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ ፕሮፌሰር ይለዋል። ስለተማረ አይደለም፤ አንዲት ብሎን ለመፍታት መቅድም ስለሚያስፈልገው ነው።

መቅድሙን ጨርሶ ክዳኑን ከፈተና፣ «እህቴ፣ አዲሱ እዚህ ቦርድ ላይ አይገባም» አለኝ። «ቦርዱም ፕሮሰሰሩም አብረው መቀየር አለባቸው።»

«ቢቀየርስ፣ ለእኛ ሥራ ያን ያህል ይፈጥናል?»

«ትንሽ። የእናንተ ችግር ግን ፍጥነት ሳይሆን ጥበት ነው። ቪዲዮው ሰፊ፣ ሜሞሪው ጠባብ። ከድሮው ዓይነት ጨምሪበት። ርካሽ ነው፣ መቆሙንም ይተዋል።»

ዕድሜ ይስጠው! ከድሮው እዚያው ጨመረልኝ። በተረፈው ወገብ የሚደግፍ፣ የሚሽከረከር፣ ወንበር የሚባል ወንበር ገዛሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ባሌን፣ «ዲዲአር ፋይቩ ገብቷል። ወንበሩ እህቴ ቢሮ ትርፍ የነበረ ነው» አልኩት።

ረጅም ሠርግ ከፈተበት። አልቆመም። «ይበራል!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ደንበኛ ስብከቱን ሳይሰማ አይወጣም። «አዲሱ ትውልድ ነው፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» ይላል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በዚያችው ትራስ አፌን አፍኜ በሳቅ እፈርሳለሁ። ከዚያ ለእህቴ ደውዬ፣ «ሞኙ ዛሬም በረረ» እላታለሁ።

ትናንት ጓደኛው መጣ፤ እሱም ሠርግ ይቀርጻል። «አንተ እንዲህ ካልክማ ሁለተኛዋን ካሜራዬን ሸጬ እገዛዋለሁ» አለ። እኔ አልጋው ላይ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ጉዴ ፈላ አልኩ። የሰውዬው ካሜራ በእኔ ውሸት ሊሸጥ ነው።

 ባሌ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰማሁት።

«ተው፣ እንዳትሸጥ። እኛ ጋ ያለው የድሮው ነው።»

«ምን?»

«ገና የዚያን ዕለት ስከፍተው አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ዓይነቱን ይጽፈዋል እኮ። በተረፈው ብር ወንበር ገዝታለች።»

«ታዲያ ሰዉን ሁሉ ይበራል እያልክ የምታደርቀው ምን ሆነህ ነው?»

«ማወቄን ካወቀች እልኸኛ ናት፣ ወንበሩን መልሳ ፋይቩን ትገዛልኛለች። ሴትዮዋ ወገቤን አመመኝ ስትለኝ ትራስ የሰጠሁ አህያ ነኝ እኮ። አሁን ስትነሣ ጠረጴዛ አትይዝም፤ አይተሃታል?»

እጄ ላይ ያለው ሸሚዝ እንደተያዘ ቀረ። ስንት ቀን ሙሉ የሳቅሁበት ሰው አንጀቴን በላው። ለእህቴ ምን ብዬ ልደውል?

ጓደኛው ሲሄድ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ መደገፊያውን ያዘ።

«ፋይቩ እንዴት ነው ዛሬ?» አለ ኮስተር ብሎ።

«ይበራል» አልኩት። ዞሬ ላየው ግን አልደፈርኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።