የዓርብ እጥበት

መኪናዋን ሊገዛ የመጣው ኦሃድ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባና ወለሏን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ቢያደርገው፣ ካቻቢቴው በስቶ ወጣ። በቤቱ መስኮት ታይ የነበረችው ሃጋር ወደ ውጭ ወጣች።

ፔጆዋ የአባቷ የክንዴ ነበረች። ክንዴ አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዘጠኝ ዓመት አስታመሙ፤ ሽማግሌው ሲሞቱ ይህችን ጣሪያዋ የሚከፈት፣ እንደ ልብ የማትገኝ የድሮ መኪና አወረሷቸው። ክንዴ ካረፉ እነሆ አምስት ዓመት። ሚስታቸው ሲሳይነሽ መንዳት አይችሉም፤ ግን ባላቸው ያደርጉ እንደነበረው ዓርብ ዓርብ ያጥቧታል። ጎረቤቱ «ከልጆቻችን ይልቅ የሲሳይነሽ መኪና ትታጠባለች» እያለ ይቀልድባቸዋል። ታዲያ ሰንበት እንዳይገባባቸው ሲጣደፉ፣ ውሃው ሳይደርቅ ወፍራም ላስቲክ ያለብሷታል። የባሕሩ ነፋስ እንዳይነካት ብለው ነው።

አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ አቲቆት ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለቀው ሃጋር ዘንድ ሊገቡ ነው። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋን ገዝቶ የሚነዳት ሰው።

ኦሃድ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ።

«በደንብ ብትያዝ መቶ ሺህ ሼቄል ታወጣ ነበር» አላት ለሃጋር በዕብራይስጥ። «አሁን ግን አሥራ አምስት ሺህ፣ ያውም ለመለዋወጫ። ቀለም ይቀባል፤ ሥሯን የበላውን ዝገት ለማደስ ግን ወጪው ከዋጋዋ ይበልጣል። እርጥብ እያለች ነው ሲሸፍኗት የኖሩት።»

ሲሳይነሽ የውሃውን ጎማ እንደያዙ ጠጋ አሉ።

«ምን አለ ልጄ?»

ሃጋር የእናቷን እጆች አየች። አሳዘኗት።

«ባሕሩ ነው የበላት አለ፣ እማዬ። ቅርብ ስለሆንን።»

«ይነዳታል?»

«አይነዳትም። ይበታትናታል።»

ሲሳይነሽ መኪናዋን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጓት። ሃጋር ጠዋት «እኔ ቤት መኪና ማቆሚያ የለም» ብላ የተከራከረችው ራሷ ነበረች። አሁን ወደ ኦሃድ ዞረች።

«ቶዳ፣ አመሰግናለሁ ኦሃድ። አንሸጣትም።»

ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

«የት ልታቆሚያት ነው?» አሉ እናቷ።

«ጓሮውን አስጠርጋለሁ።»

ሲሳይነሽ ቧንቧውን ከፈቱ። ጥቂት ካጠቡ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ባሕሩን አትሚው ልጄ» አሉ። «ሃያ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ኖሬ፣ በዕብራይስጥ ያለሽ የሚጠፋኝ መሰለሽ?»

ሃጋር ደነገጠች። «ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አንቺ ምን እንደምትዪኝ ልስማ ብዬ።»

ሃጋር እንባዋ መጣ። ላስቲኩን ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ቤት ገብታ ሁለት ደረቅ ፎጣ አመጣችና አንዱን ለእናቷ ሰጥታ በሌላው መኪናዋን ታደርቅ ጀመር።