ከአርባው አንዱ

«ኧረ ዝጋው! ለቅሶ ቤት መሆኑ አይታይህም?» የሟች እህት በመስኮት ብቅ ብላ ደጃፉ ላይ መኪናውን አቁሞ ዘፈን በከፈተው ሾፌር ላይ ጮኸችበት።

«ተዪው፤ እሱ አለበት» አለች የሟች ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከፍራሹ ሳትነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል።

ሾፌሩ ግን ደንግጦ ዘግቶት ሄደ።

በመኪናው የተከፈተው አልበም ውስጥ ያሉት አባት ጢሙን ሲላጭ፣ እናት ልብስ ስታጥብ የሚያንጎራጉሯቸው የድሮ ዘፈኖች ነበሩ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አርባ የሠፈር ሰዎች ተሰብስበው በኅብረት ዘፍነው አስቀረጿቸው። አልበሙ ያልገባበት ቤት የለም፤ የሰማው ሁሉ አብሮ ሳይዘፍን አያልፈውም። ከአርባዎቹ አንዱ ባሏ ነበር፤ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» የሚሉት።

ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር የያዘውን ይጥልና፣ «ሰማሽኝ? ይሄ እኔ ነኝ!» ይላታል።

«እንዴታ! ካንተ ሌላ ማን አለና?» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳትነቅል።

አንድም ቀን ለይታው አታውቅም። አሁን ድምፁ የቀረላት እዚያ ብቻ ነው ብላ፣ ሰው ፈንጠር ሲልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትፈልገዋለች። የሁሉም ድምፅ አለ፤ የሱ የለም።

ከሰዓት በኋላ አርባዎቹን ሲዘፍኑ ይመሩ የነበሩት፣ ጡረታ የወጡት የሙዚቃ አስተማሪ፣ ሊያጽናኗት መጡ። እጃቸውን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

አዛውንቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «ተይ ልጄ፣ ራስሽን አትጉጂ።»

«ያሳዩኝ ብያለሁ።»

«ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ከዜማው ይወጣል። ድምፅ ቀራጩ ይውጣ ብሎ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ፣ ‹አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ› አልኩት። እሺ አለ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ አፉን ሲያንቀሳቅስ ዋለ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፤ ላንቺማ በተለይ።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች።

«ሰማሁህ ስለው ውሸቴን እንደሆነ ያውቅ ነበር» አለች። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር።»

«ይወድሽ ነበር» አሉ።

ሳሎን ውስጥ አንዱ ሐዘንተኛ ሳይታወቀው ያንኑ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። ሌላው ተቀበለው። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

የባሏ የሥራ ጃኬት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አንዱ ቁልፍ በቀጭን ክር ተንጠልጥሏል። አወረደችው። በሦስተኛው ሙከራ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች፤ ቁልፉን አጥብቃ ሰፋችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ጃኬቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሰው እንዳለበት ሁሉ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈቻቸው።