ከውጭ የሚቀረቀር በር

አቶ ሜትር ይሉታል። እውነተኛ ስሙን መዝገብ ቤት ያውቀዋል። በማረሚያ ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ግን ሦስቴ ሳይለካ መጋዝ የማያነሳ፣ ለክቶም ሲያበቃ «እስቲ ለነፍሴ» ብሎ አራተኛ የሚለካ ሰው ስለሆነ ሌላ ስም የሚሰጠው አልተገኘም። ከሰባት ዓመት በፊት የመጋዘን ጠባቂ ነበር። ሊከፍትላቸው ለማይገባ ሰዎች፣ ሊከፍት በማይገባው ሰዓት በር ከፈተ፤ እነሱ ሸሹ፣ እሱ ቁልፉን እንደያዘ ተገኘ። ሰው ጥፋተኛ ሲሆን እንኳ እንዲህ ሞኝ መሆን የለበትም።

አሁን አመክሮ ደርሶለት ሁለት ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ የሚያድርበት ክፍልና የቤቱ ባለቤት ፊርማ። ክፍሉን ልጁ አገኘችለት። ከምትኖርበት ቤት ጀርባ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ አልጋ የሚከማችበት ዕቃ ቤት አለ፤ በር የለውም እንጂ ክፍል ነው። ፊርማው ነው ዳገት የሆነው። ቤቱ የአማቷ ነው። አማቷ ደግሞ የሦስት ልጆቿ አያት፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዳኛ፣ አንዴ እንቢ ካሉ ተራራ የማያነቃንቃቸው ሴት ናቸው።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አሉ። «እኔ ቤት ውስጥ አይልስም።»

የማረሚያ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንድ ሐሳብ አመጣች። ታራሚው የተማረውን ሙያ ለአማትየው በዓይናቸው ቢያሳይ ልባቸው ይራራ ይሆናል፤ ስለዚህ የክፍሉን በር ራሱ ይሥራው አለች። አቶ ሜትር ይህን ሲሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሰባት ዓመት ከልጁ ጋር የተነጋገረው በመጠየቂያው ሽቦ በኩል፣ ከሃያ ሰው ጫጫታ ጋር ነው። የልጅ ልጆቹን በፎቶ ነው የሚያውቃቸው። ያ በር ተሳክቶ ፊርማ ካመጣ ከእነሱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ሊያድር ነው።

ሦስት ሳምንት ለፋበት። እንጨቱን መርጦ፣ በመላጊያ አለስልሶ፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቶ፣ ቡናማ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው። በዓይን ቁመት ላይ እጅ የምታስገባ ትንሽ መስኮት አወጣለት። ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ገጠመለት። ሲያልቅ የክፍሉ አሥራ አራት አናጢዎች ከበቡት። አሠልጣኙ በጣቱ አንኳኳው። የዘብ ኃላፊው ሳይቀር መጥቶ መቀርቀሪያውን ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ።

«አንድ እንከን የለውም!» አለ።

ሠራተኛዋ በማረሚያ ቤቱ መኪና ጭና ወሰደችው፤ ከልጅቷ ባል ጋር ሆና ቀጥ አድርጋ አስገጠመችው። እሷም በማረሚያ ቤት ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድም ነገር አልጎረበጣትም።

በሦስተኛው ቀን ዜናው መጣ። አማትየው በሩን አይተው፣ ዞረው፣ መቀርቀሪያውን በእጃቸው ፈትሸው፣ ቁጭ ብለው ፈረሙ። አንዲት ቃል እንኳ አልተከራከሩም። አቶ ሜትር በደስታ መላጊያውን እግሩ ላይ ጣለ።

«ሙያ እንዲህ ነው» አለ እያነከሰ። «አፍ የማይፈታውን እጅ ይፈታዋል።»

የቀረው የአመክሮ ኮሚቴው ሰብሳቢ ክፍሉን አይተው ማጽደቃቸው ነበር። ሰብሳቢው ቦርጫም፣ ጨዋ፣ ከወረቀታቸው ቀና የማይሉ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊያዩ ሄዱ። አቶ ሜትር የወንበር እግር እየላገ «ይሄኔ ገብተዋል፣ ይሄኔ ወደውታል» እያለ ሲያሰላ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ በሩጫ ተጠራ። ኃላፊው ፊታቸው በርበሬ መስሏል። የስልኩን እጀታ ዘረጉለት።

«የሠራኸውን አንተው ፍታው!»

በስልኩ ውስጥ ሠራተኛዋ ታለከልካለች። «ሰብሳቢው ውስጥ ናቸው።»

«የት ውስጥ?»

«ክፍልህ ውስጥ ነዋ! እማማ ጥንካሬውን ላሳይዎ ብለው ቀረቀሩባቸው። አሁን አልከፈት አለ። ግማሽ ሰዓት ሆናቸው።»

ከኋላዋ የአማትየው ድምፅ በኩራት ይሰማል፤ «ንቅንቅ ይላል? አይልም! እንዲህ ያለ በር ባይሆንማ መቼ እፈርም ነበር? ጌታው፣ ውሃ ላቀብልዎ በመስኮቷ?»

«ታዲያ ሰብሳቢው መቀርቀሪያውን ይክፈቱታ!» አለ አቶ ሜትር።

«በየት በኩል?» አለች ሠራተኛዋ።

አቶ ሜትር ዓይኑን ጨፈነና በሩን በሐሳቡ አቆመው። ወርዱን ያስታውሳል፣ ቁመቱን ያስታውሳል፣ የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ ያስታውሳል። መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። መስኮቷም ዘብ ምግብ የሚያቀብልባት መስኮት ናት። ሰባት ዓመት ያየው በር ሁሉ እንዲያ ነው፤ እጁም የሚያውቀውን ሠራ። አሥራ አራት አናጢ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ የዘብ ኃላፊ አይተውት አንዱም «ይሄ ነገር ተገልብጧል» አላለም። ሰው በእልህ ሳይሆን በልማድ ራሱን ሲያስር አይቶ የማያውቅ ቢኖር እዚያ ክፍል መጥቶ ያይ ነበር።

«ቀለሙ አብጦ ይዞት ነው» አለ። «በሩን በጉልበትሽ ወደ ውስጥ ግፊው። እንደገፋሽ መቀርቀሪያውን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ሳቢ።»

ቋ! ሲል በስልኩ ተሰማ። ከዚያ የሰብሳቢው ድምፅ መጣ፤ «ለዚያ ሰውዬ ንገሩልኝ፣ ነገ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ይቀርባል።»

በማግስቱ አቶ ሜትር ሲገባ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጣ መሐረብ ትጠመዝዛለች። አማትየው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ይዘዋል። እሱን አላዩትም፤ ሰውየውን የማየት ልማድ የላቸውም።

«ማረሚያ ቤቱ ሰው ለኑሮ ያዘጋጃል እንላለን» አሉ ሰብሳቢው። «ይህ ሰው ግን ለራሱ እስር ቤት ሠርቶ ልኳል! እኔ ከእስር ቤት አውጥቼ እስር ቤት አላስገባም። መቀርቀሪያው ካልተነሣ አላጸድቅም።»

«መቀርቀሪያው ከተነሣ ፊርማዬም ይነሣ» አሉ አማትየው። «ሰውየው ማታ ማታ ካልተቀረቀረበት እኔ እንዴት ዓይኔን እከድናለሁ?»

ኮሚቴው ተያየ። ልጅቷ አንዴ አማቷን አንዴ ሰብሳቢውን ታያለች፤ እንባዋ ደርሷል። አቶ ሜትር ለአንዱ እሺ ቢል ሌላው ይከለክለዋል፤ ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል።

«አንተስ? የት ይሁን ትላለህ?» አሉት ሰብሳቢው።

ሌሊቱን ሁለቱንም የሚያስደስት ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። አፉን ሲከፍት አንዷም ቃል አልመጣችም።

«ሳላስብ ነው ያደረግኩት» አለ። «ስለካ ሁሉንም ለካሁ፤ እኔ በየት በኩል እንደምተኛ ግን አላሰብኩም። ጌታዬ፣ ሌሊት ሌሊት በሬ ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ባትሪ ፊቴ ላይ ይበራል፣ እቆጠራለሁ፣ ይዘጋል። ሰባት ዓመት አንድ ሌሊት ሳልቆጠር አላደርኩም። እንደ ልቤ ከሆነ ከውስጥ ቀርቅሬ አንዴ ልተኛ። ካልሆነም ከውጭ ይቀርቀርብኝ፣ ልጄ ካለችበት ግቢ እስከሆነ ድረስ ግድ የለኝም። ብቻ ቤት ልግባ።»

ልጁ በመሐረቡ ፊቷን ሸፈነች። አማትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት።

«ስንት ዓመት ነው ያልከው?»

«ሰባት፣ እማማ።»

«እኔ በሬ ሲበረገድብኝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «በገዛ ቤቴ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሳያንኳኳ ይገባ ነበር። ልጆቼ ሳያንኳኩ አደጉ። አሁን ደግሞ እነዚህ ሦስቱ የልጅ ልጆቼ ተተኩ። ሽንት ቤት ተቀምጬ እንኳ በር በርግደው ‹አያቴ፣ ጫማዬ የት ሄደ› ይሉኛል። አንድ ቀን በሬን ዘግቼ እንደ ሰው አረፍ ብዬ አላውቅም።»

ሰብሳቢው ሳቃቸውን በሳል ለማለፍ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«መቀርቀሪያውን ወደ ውስጥ አዙሩለት» አሉ አማትየው። ወደ አቶ ሜትር ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተም፣ እንደመጣህ ከምንም በፊት ለእኔም ክፍል በር ትሠራልኛለህ። ከውስጥ የሚቀረቀር፣ ያው ትናንት እኚህን ሰውዬ የያዘውን ዓይነት!»

«እሠራለሁ፣ እማማ» አለ አቶ ሜትር።

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አነሡ፤ ግን እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ። አማትየው ትንሽ ታገሡ፣ ተቁነጠነጡ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ኧረ ቶሎ ፈርመው ይልቀቁት እንጂ! ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሦስቱም ቤት ሊውሉብኝ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው!»