ከአስር ዘጠኝ

«አርባ ስምንቱም ካፕኬክ አለቁ እኮ! አንዲት እንኳ አልተረፈችም» አለች የልደት ደጋሿ ሴትዮ። ለቅሶ ቤት መቀመጧ ትዝ ሲላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዐይኗን በመሐረብ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። «እንግዶቹ ማን ጋገረው ሲሉኝ፣ ጋጋሪዋ ትናንት ሞተች አልኳቸው። እየበሉ አለቀሱላት፣ በሞቴ!»

የሟቿ ታላቅ እህት፣ መምህርቷ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ሆና ሴትዮዋን ከጫማዋ እስከ ጸጉሯ ለካቻት። እየበሉ አለቀሱ! አፋቸው ሙሉ ክሬም ሆኖ! አርብ ዕለት፣ ሬሳው ገና ከመኝታ ቤት ሳይወጣ፣ ይህችው ሴትዮ እየጮኸች ገብታ ነበር። እንባዋ ሳይደርቅ ግን የሟቿን ባል ወደ ኮሪደሩ ስባ «እንግዲህ የተጋገረው ተጋግሯል፤ ነገ ደግሞ የልጄ ልደት ነው፤ ከሚበላሽ…» አለችው። እሱም በድንጋጤ እንደፈዘዘ አራቱን የካፕኬክ ካርቶን አንድ በአንድ ተሸክሞ መኪናዋ ላይ ጫነላት። ዛሬ ደግሞ ዐይኗን በጨው አጥባ መጥታ፣ ጣፋጭ ነበር ትላለች።

አራተኛው ቀን ነው። ሳሎኑ ውስጥ የኪራይ ፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፤ ቡና በፔርሙዝ ይዞራል። አክስትየዋ በሩ አጠገብ ተሰይማለች። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ወይኔ ሚጣዬ!» ብላ ትጮኻለች፤ ሰውየው ተቀምጦ ሲኒ ሲይዝ ደግሞ ወሬዋን ካቆመችበት ቃል ላይ ታነሣለች። አንድም ጊዜ ተሳስታ አታውቅም።

መምህርቷ አላለቀሰችም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ተማሪዎቿ ከኋላዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል፣ እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። በእሷ ዐይን ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈት ነው። ግማሹ ለቡናው መጥቷል፣ ግማሹ ለወሬው፤ የሚያወራው ደግሞ ስለ ኬክ ብቻ ነው። ባለሦስት ፎቁ የሰርግ ኬክ፣ በመጽሐፍ ቅርጽ የተሠራው የምርቃት ኬክ፣ እያንዳንዷ ላይ የክሬም ጽጌረዳ የበቀለባት ያቺ ትንሽ ካፕኬክ። የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ሞታ የምትታወሰው በክሬም ነው!

«እኔስ ነግሬያት ነበር» አለች በልቧ። ከአርብ ጀምሮ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለቻት አልቆጠረችም።

በእርግጥም ነግራታለች። እናታቸው ስትሞት ሟቿ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መምህርቷ አሥራ ዘጠኝ። ያሳደገቻት እሷ ናት። ማታ ማታ ሚጣ የቤት ሥራ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ትጠብቃለች። ቀዩ እስክሪብቶ ገጹን ወርዶ ሲጨርስ «ስንት?» ትላለች።

«ከአስር ዘጠኝ።»

«የቱ ጋ ተሳሳትኩ?»

«የትም።»

«ታዲያ አንዷን ለምን ቀነስሽብኝ?»

«እንዳትሰንፊ።»

ሚጣ ይህን ጥያቄ አሥር ዓመት ሙሉ ጠይቃለች፤ መልሱም አሥር ዓመት ሙሉ ያው ነበር። ከዚያ ፋርማሲ ልትማር ገባች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና «ትቼዋለሁ። ኬክ ልጋግር ነው። ትንንሹን፣ ለልደት፣ ለሰርግ፣ ሰው ደስ ለሚለው ቀን» አለች።

መምህርቷ ዞር ብላ አየቻት። «የሻማ መትከያ ስትጋግሪ ልትኖሪ ነው?»

ሚጣ ሳቀች። መምህርቷን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ያ ሳቅ ነው። ተቆጥታ ብትመልስላት፣ በሩን በላይዋ ላይ ብትዘጋባት በወደደች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰርግና ለቅሶ ላይ ተሳስመው ይለያያሉ እንጂ፣ መምህርቷ የእህቷን ማድ ቤት ረግጣ አታውቅም።

ከአሥር ዓመት በፊት ደግሞ ቆርቆሮዋ መምጣት ጀመረች። ሰማያዊ ክዳን ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ናት። አርብ ከሰዓት ባልየው በሞተር ሳይክል ትምህርት ቤቱ በር ላይ አድርሷት ይሄዳል። መምህርቷ በመጀመሪያው አርብ ከፈተቻት። ውስጧ ክሬም ያልተቀባች፣ ጽጌረዳም ብናኝ ስኳርም የሌላት፣ ለሁለት የተገመሰች ካፕኬክ ተቀምጣለች። ደሟ ፈላ። ለባዕድ ሰው ልጅ ጽጌረዳ፣ ላሳደገች እህት የተሰበረ! ፍርፋሪ መሆኑ ነው? ክዳኑን መልሳ ለዘበኛው ሰጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ስትመጣ ያንተ ናት። እኔ ዘንድ እንዳታመጣት» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆርቆሮዋ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ሚጣም አልጠየቀቻት።

«ወይኔ ሚጣዬ!» አለች አክስትየዋ፤ በሩ ተከፍቶ ነበር።

የገባው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ለእሱ የጠበበ ኮት ለብሶ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። መምህርቷ ተገረመች። ይሄ ደግሞ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው? ለእሷ ብሎ እንዳይሆን፣ እጅ እንኳ አልነሣትም፤ ዐይኗን ሸሽቶ ጥግ ይፈልጋል።

ባልየው ግን እንዳየው ከወንበሩ ተነሣ። አራት ቀን ሙሉ ከአንድ ቃል በላይ ያልወጣው ሰው፣ ዘበኛው አንገት ላይ ተጠምጥሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሰዉ ሁሉ ሲኒውን ወደ ታች አደረገ።

«ይሄ ነው ውጤቷን የሚነግረኝ» አለ ባልየው ወደ ሰዉ ዞሮ። «አርብ አርብ ይሄ ነበር የሚነግረኝ።»

«የምን ውጤት?» አለች አክስትየዋ፤ ወሬ ሲሸታት ለቅሶዋ ቀጥ ይላል።

«የእትዬን ነዋ! የመምህርትን።» ባልየው ዐይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሚጣ ትእዛዝ ስትጋግር ሁልጊዜ አንዲት ትርፍ ትጨምራለች። ምድጃው ከኋላ በግራ በኩል እሳቱ ይደክማል፤ ትርፏን እዚያ ነው የምታስቀምጣት። 'እዚያ ከበሰለች ሌሎቹ በስለዋል' ትላለች። ምስክር ነበር የምትላት። ታወጣና ገምሳ ውስጧን ታያለች፤ ምስክር ክሬም አይቀባም፣ ክሬም ጥፋት ይሸፍናል ትል ነበር። ከዚያ ለእትዬ ትልካታለች። 'እትዬ ካላረመችው ሥራ አይደለም፤ ስንት እንደሰጠችው ጠይቀህ ና' አለችኝ። እኔም በሳምንቱ ይሄንን ሰውዬ እጠይቃለሁ፣ ይነግረኛል፣ እሷ ትጽፈዋለች።»

መምህርቷ ሲኒዋን አስቀመጠች። ዘበኛውን አየችው። ዘበኛው የኮፍያውን ጠርዝ ያያል።

ባልየው ወደ ማድ ቤት ገብቶ ዳር ዳሩ ቅቤ የጠጣ ወፍራም ደብተር ይዞ ወጣ፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። የእህቷ ጽሑፍ ነው፣ ያው ወደ ቀኝ የሚጋደለው። በየመስመሩ የኬኩ ዓይነት፣ ፊት ለፊቱ ቁጥር። ቫኒላ፣ ዘጠኝ፤ ለስላሳ ነው ብላለች። ሎሚ፣ ዘጠኝ፤ ሎሚው በርትቷል ብላለች። ቸኮሌት፣ ዘጠኝ። ቀረፋ፣ ዘጠኝ። ገጽ በገጽ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። አንድ ቦታ ብቻ ስምንት ነበር።

«ስምንት የሰጧት ጊዜማ» አለ ባልየው፣ ሊስቅ እየሞከረ፣ «ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ምድጃውን አስጠግና ነው እፎይ ያለችው።»

«አንዴ ውጭ ላናግርህ» አለች መምህርቷ ዘበኛውን።

ጓሮው ውስጥ የታጠቡ ፎጣዎች ተሰጥተዋል። ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው፤ ከክፍሏ ወጥቶ የተያዘ ተማሪ የምታናግርበት ድምፅ ነው። «በማን ስም ነው የምትቀባጥረው?»

«ታዲያ ምን ልበለው መምህርት? ሰውዬው በሳምንቱ መጥቶ እንደ ሕፃን ዐይኔን እያየ ስንት ሰጠችው አለኝ። ለዘበኛ ወረወረችው ልበለው?»

መምህርቷ ዐይኗን ወደ ፎጣዎቹ አዞረች።

«እርስዎ አሥር እንደማይሰጡ አገር ያውቃል። የኔም ልጅ እርስዎ ጋ ነው የተማረችው። ስለዚህ ዘጠኝ አልኩት። ከዚያማ ለመድኩት፤ እየቀመስኩ ደህና አድርጌ ነው የማርመው። በሐሰት አልሰጠሁም።»

«ስምንቷስ?»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

መምህርቷ ልትስቅ ይሁን ልትጮህ አላወቀችም። በንቀት የምታየው ሰው በልቧ ፈለገች፤ የልደት ደጋሿን ሴትዮ፣ አክስትየዋን፣ ይሄን ኮቱ የጠበበውን ሰው። ሴትዮዋ ቢያንስ ኬኩን በልታላታለች። አክስትየዋ በውሸትም ቢሆን ስሟን ጠርታ ጮኻላታለች። ይሄ ዘበኛ አሥር ዓመት ሙሉ ቀምሶ መልስ ሰጥቷታል። ቆጥራ ቆጥራ የተረፈችው ራሷ ብቻ ነበረች።

«ከፈለጉ ለእሱ አንነግረውም» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ። «ሟችም እንዳመነች ሄዳለች። ምን ያደርጋል?»

እውነቱን ነው፣ ምንም አያደርግም። ዝም ብትል ደግ እህት እንደሆነች ትቀራለች፤ አክስትየዋም ወሬውን ለዓመት ታወራዋለች። ሳሎን ስትመለስ ሰዉ ቦታ ለቀቀላት፤ ሁሉም በአዲስ ዐይን፣ በአክብሮት ያያታል። የልደት ደጋሿ ሴትዮ እጇን ያዘቻት። «ለካ ምስጢሩ እርስዎ ነበሩ! እኛማ ያቺን ትርፏን ሽጪልን ብንላት፣ የእህቴ ናት ብላ እምቢ አለችን።»

መምህርቷ እጇን አስለቀቀች። አክብሮታቸው ከወሬያቸው ይበልጥ አስጠላት።

ባልየው በዚህ መሐል ሰማያዊ ክዳን ያላትን ቆርቆሮ አምጥቶ ፊቷ ቆሟል። «አርብ ሞተሩ ላይ አስሬያት ልወጣ ስል ነው ሚጣ ሳህን እያጠበች የወደቀችው» አለ። «ትናንት አገኘኋት። የአርባ ስምንቱ ምስክር ናት። ደብተሩ ላይ ይቺ ብቻ ሳትታረም ቀረች፤ እባክዎ እትዬ።»

«አልቀመስኩም» አለች መምህርቷ።

«አዎ፣ ይቺን አልቀመሷትም…»

«አንዷንም! አሥር ዓመት ሙሉ አንዷንም አልቀመስኩም። ፍርፋሪ የላከችልኝ መስሎኝ ለዚህ ሰውዬ ሰጠሁት። ውጤቱ ሁሉ የእሱ ነው።»

አክስትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። ባልየው ዘበኛውን አየ፣ መምህርቷን አየ፣ ደግሞ ዘበኛውን። ፊቱ ቀላ። መምህርቷ ቆርቆሮዋን ወርውሮ እንዲሰድባት ጠበቀች፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ፣ ደብተሩ አጠገብ አኖረላት።

«እንግዲያው ይቺን ይቅመሷት» አለ፤ ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ክዳኑን ከፈተች። ለሁለት የተገመሰች፣ ክሬም ያልነካት ካፕኬክ። በግማሹ ላይ የሚጣ አውራ ጣት የተጫነበት ጎድጎድ ያለ ምልክት አለ። መምህርቷ ያንን ግማሽ ሳትነካ ሌላውን አነሣችና ነከሰች። ደርቋል፤ አራት ቀን ቆይቷል። ውስጡ ግን ቫኒላ ነው፣ ቅቤው በልኩ፣ ስኳሩ በልኩ፣ ከማኘክ በፊት የሚጠፋ ነገር። ዋጠችውና የቀረውን ጎረሰች። ከሰዉ መሐል የሚንቃት እንደሚኖር አውቃለች፣ አላፈረችበትም።

ከቦርሳዋ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች። ከመጨረሻው መስመር ፊት ለፊት፣ ባዶው ቦታ ላይ «9» ብላ ጻፈች። አሥር መስጠት አሁን ውሸት ይሆናል፤ ሚጣም አታምናትም። ከዚያ ከቁጥሩ ሥር እንዲህ ስትል ጨመረች፦

«አንዷን የቀነስኩት ስለ ደረቀ ነው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዘግይቼ ነው የቀመስኩት።»

ደብተሩን ዘጋችና እስክሪብቶውን ከደነች። ከዚያ ጣቷን በምላሷ አርጥባ፣ ቀሚሷ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አንድ በአንድ እያነሣች በላችው።