እስከ አፉ የተሞላ ታንከር

መካኒኩ ለደንበኛ የማያደርገውን ለእህቱ ባል አደረገ፤ የቱቦ ቀዳዳ የሚፈልግበትን ጭስ መንፊያ ማሽን ተሸክሞ እቤት ድረስ ሄደ። የባልየው ትልቋ ኤስዩቪ መኪና ምድር ቤት ቆማለች። ውጭ ዶፍ ስለሚወርድ የብረት በሩ ተዘግቷል።

ያስጨነቀው ዳሽቦርዱ ላይ የበራው የሞተር መብራት ብቻ አልነበረም። እህቱ በስልክ፣ "ልጁ የሚተኛበት ክፍል ድረስ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል" ብላዋለች። ያ ክፍል ደግሞ ከምድር ቤቱ በላይ ነው።

"የእህትህ አፍንጫ እኮ የፖሊስ ውሻ ነው" አለ ባልየው። "የታንከሩን ክዳን ቀይርና ገላግለኝ።"

"መጀመሪያ እንየው፣ ጋሼ።"

መካኒኩ ትነት ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጭሱን ነፋ። ክዳኑ ዙሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ጎማው ጀርባ ቀጭን ጭስ ወረደ። ወደ ላይ አልወጣም፤ መሬት ላይ ተኝቶ በደረቱ የሚሳብ ይመስል ወደ ጥግ ሄደ።

መካኒኩ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከሥር ገባ። የቤንዚን ትነት የሚይዘው ባለከሰል ሣጥን ቱቦው አብጦ ተሰንጥቋል። ቱቦውን ሲነቅለው ሽታ ሳይሆን ቤንዚን ራሱ ክንዱ ላይ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ተንዠቀዠቀ።

"ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ትነት እንጂ ፈሳሽ አይገባም። ማደያ ስትሄድ ምንድን ነው የምታደርገው?"

"እንደ ሰው እቀዳለሁ።"

"መቅጃው ራሱ ሲያቆምስ?"

"ጢም አድርገው እላለሁ። መኪናዋን ወዝወዝ ሳደርጋት ትተነፍስና ትንሽ ትጨምራለች። ዛሬማ አንተ ትመጣለህ ብዬ ጠዋት እስከ አፏ ነው ያስሞላኋት።"

ቤተሰቡ በዚህ አመሉ አቶ ጢም ይለዋል። መካኒኩም ሲስቅበት ኖሯል፤ ትርፉ ቤንዚን የት እንደሚገባ ግን አንድም ቀን አላሰበበትም።

ከሥር ሲወጣ ጭሱ የሄደበትን በዓይኑ ተከተለ። ጥጉ ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል፤ ላይ ቤት ሙቅ ውሃ ሲከፈት እሳቱን በራሱ የሚያቀጣጥል ዓይነት።

"እህቴ ምን እየሠራች ነው?"

"ልጁን ልታጥበው ነበር።"

ከላይ ሳፋ ሲጎተት ተሰማ። ባልየው ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ሽታው ይውጣ ብሎ በሩን ሊከፍት እጁን ወደ በሩ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሰደደ።

"አትንካው" አለ መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብልጭታ ይፈጥራል፤ በሩን በእጅህ አንሳው።"

የራሰው ወለል እያንሸራተተው ወደ ማሞቂያው ሮጠ። የውሃውን መዝጊያ ሲጨብጥ ቧንቧው መዳፉ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ጠመዘዘው። ማሞቂያው ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላው በሩ እያቃሰተ ተነሳና የዝናቡ ድምፅ ገባ።

ሞተሯን ሳያስነሱ መኪናዋን ገፍተው ዝናቡ ውስጥ አወጧት።

"ውሃው ምን ሆነ?" አለች እህቱ በመስኮት። "ልጁን ሳሙና ቀብቼዋለሁ እኮ።"

"ልጁን ጠቅልለሽ በላይኛው በር ውጪ" አላት ወንድሟ። "ምንም ነገር እንዳታበሪ።"

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ደጅ ላይ ለመኪናዋ አዲስ ሣጥንና ቱቦ ገጠመላት። ደግሞ ጭስ ነፋባት፤ የትም አልወጣም። የሞተር መብራቱም ጠፋ። ባልየው ልብሱ እንደበሰበሰ አጠገቡ ቆሟል።

"ይህን ያህል ጊዜ እሳት እንዴት ሳይነሳ ቀረ?" አለ መካኒኩ።

ባልየው ወደ ምድር ቤቱ ዞር ብሎ አየ።

"እህትህ ልጁን የምታጥበው ሁልጊዜ እኔ መኪናዋን ይዤ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ቤንዚን ካስሞላሁ በኋላ አንተን ልጠብቅ ብዬ መልሼ አስገባኋት።"

መካኒኩ ክንዱን ሊጠርግ ጨርቅ አነሳ። ጨርቁም ቤንዚን ቤንዚን ይላል።