ነጭ ክርና ሰማያዊ ክር

መጀመሪያ የሰማሁት የወፍጮውን ድምፅ ነው። ገና ከአስፋልቱ ሳልታጠፍ፣ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ እንኳ ሳይታየኝ፣ ያ ጉርምርምታ ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ባለሁበት ቆምኩ። በዚህ ሰዓት መፈጨት አልነበረበትም። እኔ ሳልገባ ወፍጮው አይነሳም፤ ጋሼ ሳይገባም አይነሳም። የቤቱ ሕግ ነው።

ሕጉን ያወጣችው ባለወፍጮዋ እትዬ ናት። ከግጭቱ በኋላ የላይ ሰፈር ሰው የታች ሰፈር ሰው የነካውን ዱቄት አልበላም አለ፣ የታቹም እንደዚያው። መርዝ ይጨምሩበታል ይባላል፤ ማን ጨመረ፣ ማን ሞተ ብትል ግን የሚነግርህ የለም። ሁለቱ ሰፈሮች ድሮም በቋንቋ ይለያዩ ነበር፣ አሁን በመቃብርም ተለያይተዋል። የቀረው ወፍጮ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተቃጥለዋል። እትዬ ታዲያ ከላይ ሰፈር እኔን፣ ከታች ሰፈር ጋሼን ቀጠረች። እህሉ ቋት ውስጥ ሲገባ ሁለታችንም እናያለን፣ ዱቄቱ ሲወርድም እናያለን፤ ከዚያ የጆንያውን አፍ እኔ በነጭ ክር፣ እሱ በሰማያዊ ክር እንሰፋለን። ሁለቱም ክር የሌለበት ጆንያ ከግቢው አይወጣም። ስምንት ወር እንዲህ ሠራን። ተሸካሚዎቹ «ባልና ሚስት» ይሉናል፤ ሚስት የትኛችን እንደሆንን ግን እስካሁን አልተስማሙም።

በሩን ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጋግሜ ደበደብኩ። ወፍጮው ቀጥ አለና የጋሼ እርምጃ ተሰማ፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ድምፄን ከሰማም በኋላ ለመክፈት ትንሽ ቆየ።

አሥራ አንድ ጆንያ ተሞልቶ ግድግዳውን ተደግፏል። የአንዱም አፍ አልተሰፋም።

መብራት በንጋት መጣ አለኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ሊሄድ ነው ተብሏል፣ ስልክህ ላይ ብደውል ዝግ ነው፣ ጠብቄህ ቢሆን የአጎትህ መኪና ባዶውን ይመለስ ነበር። ስልኬ እውነትም ከማታ ጀምሮ ባትሪ ጨርሷል። በሩስ ለምን ተቆለፈ ብዬ ጠየቅኩት።

«ብቻዬን ስሆን ቆልፌ ነው የምሠራው» አለና ፊቱን አዞረ።

ምክንያቱ ሁሉ ልክ ነበር። እኔን ግን ልክ የሆነ ምክንያት ያስፈራኛል፤ ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ይመስለኛል። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ዱቄት ዱቄት ነው፣ ምኑ ይታያል። ዓይኔ ላይ የመጣችው እናቴ ናት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡን ስታሸው። ከዚህ ዱቄት ዛሬውኑ ይደርሳታል።

ምክንያቱም የዛሬው ጭነት የአጎቴ ነው። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፣ የላይ ሰፈር ትልቁ ባለሱቅ። ሱቁ በግጭቱ ነዷል። እስከ ዛሬ የሰፈራችን ሰው ከእኛ ወፍጮ የሚገዛው ተደብቆ፣ አንድ ሁለት ጆንያ ነበር። እትዬ ስድስት ወር ለምናው ነው አጎቴ እሺ ያለው። እሱ ከጫነ ሌላውም ይጭናል፤ እሱ ከተመለሰ ደግሞ ማንም ዝር አይልም፣ ወፍጮውም በታች ሰፈር ገበያ ብቻ ወር አይቆይም።

አጎቴ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። እትዬን ጨበጣት፣ ጋሼን በዓይኑ ዘለለው፣ እኔን ትከሻዬን ይዞ ወደ መኪናው ጥግ ወሰደኝ።

«ሲፈጭ አይተሃል?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እትዬ ከወዲያ ታየኛለች። አዎ ብል ማን ያውቃል። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

እትዬ አልተቆጣችም። አንድ አፍታ መሬት መሬት አየችና ሸራ እንዲነጠፍ፣ ወንፊት እንዲመጣ አዘዘች። የመጀመሪያውን ጆንያ ነፋነው፤ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውንም ነፋን። ሦስተኛውን ነፍተን ስንጨርስ አጎቴ በጣቱ ቆንጥሮ አሸተተ፣ ይበቃል፣ ሰውን እንዲህ ማድረግም ነውር ነው አለ። ተሸካሚዎቹ ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

ያኔ ነው የቀሩትም ይነፉ ያልኩት።

ጋሼ ጠዋት በሩን ከከፈተልኝ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን የምትለው አንተ ነህ ወይስ አጎትህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ወንፊቱን ከእጄ ወሰደው። የቀሩትን ስምንት ጆንያዎች ብቻውን ነፋ። ማንም ሳይጠይቀው ከእያንዳንዱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ እያደረገ ይውጣል፤ ዱቄት በደረቁ አልወርድ ሲለው ቆም ይልና እንደገና ይቀጥላል። ውሃ ልሰጠው አሰብኩ፣ ግን ስምንት ወር ሙሉ ከአንድ ጀሪካን ጠጥተን አናውቅም፣ እሱም የእኔን አይነካም፣ እኔም የእሱን። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ሲጨርስ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ያረጀ ሰው መሰለ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ትንሽ ገለባ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ልቤ ግን አላረፈም። ምላሱ ላይ ያደረገው ከላይ ከላዩ አይደል ወይ እያልኩ አስባለሁ።

መብራት እሱ ሲነፋ ሳለ፣ በተባለው አራት ሰዓት ሄዷል። መርፌዬን አንስቼ በነጩ ክር መስፋት ጀመርኩ። እጄ ይፈጥናል፣ አንድም ቀን እንዲህ ፈጥኜ አላውቅም። አሥራ አንዱንም ስጨርስ ሾፌሩ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ይጠብቃል፣ አጎቴም ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አንገቱን እየጠረገ ለእትዬ በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ጆንያ እወስዳለሁ ይላታል። እትዬ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የሳቀችው ያኔ ነው።

የቀረው ሰማያዊው ነው።

ጋሼ ከተቀመጠበት ተነሳ። ልብሱን አራገፈ፣ ሽርጡን ፈታ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ኮቱን ለበሰ። አንዱ ተሸካሚ «ባል ተራው ደረሰ» ብሎ ቀለደ፤ የሳቀ የለም። እትዬ «ወንድሜ» ብላ ጠራችው፣ የሰማያዊውን ክር ጥቅልል በእጇ ይዛ። ጆንያዎቹን አልፎ፣ አጎቴን አልፎ፣ እኔንም አልፎ በግቢው በር ወጣ።